የአርካዊት ልጃገረዶች አሰልጣኝ

«ጨዋታ ለልጅ እንደ ዳቦ ነው! ልጅን ከጨዋታ የከለከለ ከማዕድ እንደከለከላት ይቆጠራል!» አለች የቤቱ እመቤት ሲት አዋጢፍ ከሳሎኑ መስታወት ፊት ቆማ፣ ቀኝ እጇን ወደ ጣሪያው አንስታ። ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ እጇንም ሳታወርድ፣ «ረሺዳ! ልጅሽን ዝም አሰኚልኝ፤ ንግግሬን አጠፋችብኝ!» አለች። ሠራተኛዋ ረሺዳ ወጥ ቤት ባሚያ እየከተፈች ነበር። ልጇ ሰማሕ ያደረገችው ነገር ቢኖር ጓሮ ባለችው የሠራተኛ ክፍል ደጃፍ ተቀምጣ ጠጠር ወደ ላይ እየወረወረች መቅለብ ነው። አንዷ ጠጠር አምልጣት ሲሚንቶው ላይ ቀጭ አለች። ያቺ ቀጭታ ናት ሳሎን ድረስ ተሰምታ ንግግሩን ያበላሸችው። ረሺዳ በመስኮት ብቅ ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሰማሕ ጠጠሮቿን ሰብስባ ቀሚሷ ውስጥ ደበቀችና ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። ምንም አለማለትን እንደ ሙያ የያዘች ልጅ ነበረች።

ሲት አዋጢፍ ክፉ ሰው አልነበረችም። ለዒድ ጨርቅ ትገዛለች፤ ረሺዳ ስትታመም ሻይ አፍልታ ጓሮ ድረስ ታመጣለች፤ ሱዳን ውስጥ ባለው በዚህ የአርካዊት ሠፈር ሌሎቹ እመቤቶች ሠራተኛን ከነልጇ አንቀበልም ሲሉ እሷ ተቀብላለች። ያስቀመጠችው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ ልጅቷ እንዳትሰማ። እንዳትታይ አላለችም፣ እንዳትሰማ ነው ያለችው። ስለዚህ ሰማሕ አንድ አልጋና አንድ የብረት ሳጥን በያዘችው ክፍል ውስጥ ስታድግ፣ በሹክሹክታ መሳቅን፣ በእግር ጣቷ መራመድን፣ ሲያስነጥሳት ፊቷን ትራስ ውስጥ መቅበርን ተማረች። አባቷ ሱዳናዊ የሎሪ ሾፌር ነው፤ ፖርት ሱዳን እንደሄደ ቀርቷል። አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዓረብኛዋ እንደ ውኃ ይፈሳል ይላሉ የትምህርት ቤቷ ሰዎች፤ ረሺዳ ግን ሲፈስ ሰምታው አታውቅም። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፤ የሚሰበረውም ቢሆን ብዙ አይደለም።

ካለፈው ረመዳን ወዲህ ልጅቷ መብላት ትታለች። ሆዷን ያማታል፣ ራሷን ያማታል፣ ሌሊቱን ዓይኗ እንደፈጠጠ ያድራል። ረሺዳ በተጨናነቀ ሃፍላ አውቶቡስ ተጋፍታ አል-ሳሃፋ ሠፈር ወዳለ ክሊኒክ ወሰደቻት። ሐኪሙ ጉሮሮዋን አየ፣ ሆዷን ተጫነ፣ ደሟን አስመረመረና «ልጅሽ ሕመም የላትም። የት ነው የምትጫወተው?» ሲል ጠየቀ።

«በክፍላችን» አለች ረሺዳ።

«የምትሮጠውስ?»

«ለምን ትሮጣለች? ማንም አያባርራትም እኮ» አለች ረሺዳ፣ ልጇን በደንብ እንደምትይዝ ልታስረዳው።

ሐኪሙ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ትሩጥ፣ ትዝለል፣ ትጩህ፣ ከእኩዮቿ ጋር ላብ እስኪያጠምቃት ትዋል አለና አሰናበታቸው። ረሺዳ መንገዱን ሁሉ ስትናደድ ነበር የተመለሰችው። ያን ያህል ሄዳ አንዲት ኪኒን እንኳ ሳይሰጣት! ኪኒን ቢሆን በየፋርማሲው አለ፤ አርካዊት ውስጥ መጮኺያ ቦታ ከየት ይመጣል?

ነገሩ ቦታስ ነበረ። ከቤታቸው ብዙም ሳይርቅ «የአርካዊት ልጃገረዶች የጤናና የጨዋታ ማዕከል» የሚል ትልቅ ሰሌዳ የተሰቀለበት፣ በሽቦ የታጠረ ሜዳ አለ። ገንዘቡን የሰጠው አንድ የባሕር ማዶ ድርጅት ነው፤ ያሠራው የሠፈሩ ኮሚቴ ነው፤ የኮሚቴው ጸሐፊ ደግሞ ሲት አዋጢፍ ናት። ዥዋዥዌ አለው፣ መረብ አለው፣ ኳስ አለው። ኳሶቹ ከነላስቲካቸው ቢሮ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ዥዋዥዌው ነፋስ እንኳ እንዳያወዛውዘው በሰንሰለት ታስሯል። «ልጆች ገብተው ካበላሹት እንግዶች ሲመጡ ምን እናሳያለን?» ትላለች ሲት አዋጢፍ። ሰው ሁሉ ይህን ትክክል ነው ብሎ ተቀብሎታል። ማዕከሉ ከተሠራ ጀምሮ አንድም ልጅ ሳይረግጠው፣ በየሳምንቱ እየተጠረገ፣ እንግዶቹን ይጠብቅ ነበር።

እንግዶቹ የሚመጡት ታዲያ በዚያው ዕለት ነው። ሲት አዋጢፍ ንግግሯን እንደገና ልትጀምር እጇን ስታነሳ ስልኩ ጮኸ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ኡስታዝ ሰላሕዲን ነበር። ረሺዳ የሰማችው በዚህ በኩል ያለውን ብቻ ነው። «ፈተና? ሁሉም? ... እንዴት ሁሉም ፈተና ላይ ይሆናሉ? ... ያ ረብ!» የሠፈሩ ልጃገረዶች በሙሉ የመንግሥት ፈተና ላይ ተቀምጠው ነበር። ፈተናው መኖሩን አገር ያውቃል፤ ከኮሚቴው ውስጥ ግን ያስታወሰ አልነበረም። የእነ ሰማሕ ትምህርት ቤት እንኳ ክፍሎቹ ለትልልቆቹ ፈተና ስለተፈለጉ ተዘግቶ ነው ልጅቷ ቤት የዋለችው። ከባሕር ማዶው ድርጅት የምትመጣውን እንግዳ ነገ ኑ ማለት አይቻልም፤ ነገ ወደ አገሯ ትበራለች። ሲት አዋጢፍ ስልኩን ዘጋችና ወጥ ቤት ገባች። በሩ ላይ ቆማ ረሺዳን ከላይ እስከ ታች፣ ሥጋ ቤት የተሰቀለ ብልት እንደሚመርጥ ሰው አየቻት።

«ረሺዳ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ስድስት ይሆነኛል፣ ሲት።»

«ዛሬ አሥራ ሰባት ነሽ» አለች ሲት አዋጢፍ። «ከዐሱር ሶላት በኋላ ማዕከሉ ውስጥ ትጫወቻለሽ። የጎረቤቶቹም ሠራተኞች ይመጣሉ። እንግዳዋ ምን ጥቅም አገኘሽ ስትልሽ፣ ጤናዬ ተሻሽሏል ሞራሌም ከፍ ብሏል ትያለሽ። በይው እስቲ።»

«ጤናዬ ተሻሽሏል፣ ሞራሌም ከፍ ብሏል» አለች ረሺዳ፣ ባሚያውን እንደያዘች። ከዚያ ዓይኗ በመስኮቱ ወደ ጓሮ ሄደ። «ሲት፣ ልጅ ከሆነ የተፈለገው፣ ሰማሕ አለች እኮ።»

የሲት አዋጢፍ ፊት በእውነተኛ ሐዘን ተሞላ። «ብትሆን እንዴት ደስ ባለኝ! ግን መርሃ ግብሩ ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ለሆኑ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሆናትን ልጅ አሥራ ሦስት ናት ብዬ ልዋሽ? ውሸት ሐራም ነው፣ ረሺዳ።»

ረሺዳ ባሚያዋን መክተፍ ቀጠለች።

ከሶላት በኋላ የሠፈሩ ሠራተኞች በማዕከሉ ቢሮ ውስጥ ተሰበሰቡ። አብዛኞቹ የወሎ ሴቶች ነበሩ፤ በየዒዱና በየለቅሶው የሚተዋወቁ። ጀብራ ሠፈር የምትኖረው ሉጥፊያ ከቤት ቤት እየዞረች ልብስ የምታጥብ፣ ምላሷን የሚችላት የሌለ ሴት ናት። እትዬ ዘሊካ ሃምሳን አልፋለች፤ ጉልበቷ ከተቀመጠችበት ስትነሳ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። ኮሚቴው አረንጓዴ ቲሸርት አደላቸው። ቲሸርቱ የተሰፋው ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስለሆነ በቀሚሳቸው ላይ ሲያጠልቁት ከደረታቸው አልወርድ አለ። የእትዬ ዘሊካ ጭራሽ ጭንቅላቷን አልፎ አንገቷ ላይ ቀረ፤ እንደ ሻርፕ ጠምጥማው ተወችው።

«እኔን ስንት አደረጉኝ?» አለች እትዬ ዘሊካ።

«አሥራ አምስት።»

«አልሐምዱሊላህ። ጉልበቴንም አብረው ቢመልሱልኝ ጥሩ ነበር።»

«እኔ አሥራ ስምንት ነኝ» አለች ሉጥፊያ። «ታላቅሽ ነኝና ተነሺ፣ ውኃ አምጪልኝ።»

ሁሉም አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። ረሺዳ ግን በልቧ ከአጥሩ ውጭ ነበረች። ሲት አዋጢፍ ልጅቷን ብቻዋን ቤት አልተውም ስላለች ሰማሕ አብራ መጥታለች፤ ዘበኛው ግን ዕድሜዋ አይፈቅድም ብሎ ከበሩ መለሳት። ከሽቦው ማዶ ኒም ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እናቷን በልጅ ቲሸርት ታያታለች።

እንግዳዋ ፀጉሯ የነጣ፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ፊቷን ያቀላው፣ ሱዳኖቹ ኸዋጃ የሚሏት ነጭ ሐኪም ነበረች። ንግግሩን ሁሉ ኡስታዝ ሰላሕዲን እየተረጎመላት በትዕግሥት ሰማች። ሲት አዋጢፍ «ጨዋታ ለልጅ እንደ ዳቦ ነው» ስትል የራሷ እንባ መጣ፤ ረሺዳም ነገሩ እውነት ስለሆነ ልትቃወመው አልቻለችም። ከዚያ ሐኪሟ የተሰለፉትን «ልጃገረዶች» አንድ በአንድ ጨበጠች። የእያንዳንዷን መዳፍ ገልብጣ በበረኪናና በሳሙና የሻከረውን ቆዳ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

«እጃቸው በጣም ጠንካራ ነው ትላለች» አለ ኡስታዝ ሰላሕዲን፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ሐኪሟ ዞሮ የመርሃ ግብሩ ውጤት መሆኑን አስረዳ። እትዬ ዘሊካ ጋ ስትደርስ ዕድሜዋን ጠየቀቻት። «አሥራ አምስት» አለች ዘሊካ፣ ስትስቅ የፊት ጥርሶቿ የነበሩበት ቦታ ወለል ብሎ ታየ። ሐኪሟ ረጅም ጊዜ አየቻትና ዝግ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ኡስታዝ ሰላሕዲን ጉሮሮውን ጠረገ። «ዕድገትሽ ፈጣን ነው ትልሻለች» አለ።

ጨዋታው ተጀመረ። ሲት አዋጢፍ ከአንዱ ኳስ ላይ ላስቲኩን የሕፃን ልብስ እንደምታወልቅ ሆና ቀስ ብላ ገፈፈችና ሜዳው መካከል አስቀመጠችው። ሴቶቹ ከበው አዩት። መጀመሪያ ማንም ሊነካው አልደፈረም፤ ሁሉም የሚያውቁት አዲስ ዕቃ ሲሰበር ከማን ደመወዝ እንደሚቆረጥ ነው። ሉጥፊያ «ቢስሚላህ» ብላ ቀሚሷን ሰብስባ መታችው። ኳሱ ወደ መረቡ በመሄድ ፈንታ ወደ ሰማይ ወጣ፣ አጥሩን አለፈና ኒሙ ሥር ወደቀ።

ሰማሕ ተነሳች። ኳሱን ታቅፋ ወደ በሩ ሄደች፤ ዘበኛው ራሱን ነቀነቀ። ግራ ገብቷት ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደኋላ ተንደረደረችና ኳሱን በሙሉ ጉልበቷ በሽቦው ላይ አሻግራ ወረወረችው። ስትወረውር ከአፏ «ሃ!» የሚል ድምፅ አመለጣትና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ረሺዳ አየቻት። ያ ሁልጊዜ አመድ የሚመስለው ፊት ደም ሠርጾበት ነበር። ኳሱ እግሯ ሥር ሲደርስ ረሺዳ አላመነታችም፤ ጫማዋን አወለቀች፣ ወደ አጥሩ አነጣጠረችና ለጋችው።

ሁለተኛም ሄደ፣ ሦስተኛም ሄደ። እትዬ ዘሊካ ነገሩ ገባት፤ በዚያ ጉልበቷ እሷም ወደ አጥሩ መታች። ሉጥፊያ ደግሞ ማንም ሳይነግራት ነበር የጀመረችው። ጨዋታው የለየለት ከውስጥና ከውጭ ሆነ፤ ከውስጥ አረንጓዴ የለበሱ እናቶች፣ ከውጭ አንዲት ልጅ። ሲት አዋጢፍ ፈገግታዋን ሳታጠፋ በጥርሷ መካከል «ወደ መረቡ! ወደ መረቡ ምቱ!» እያለች ትለምናለች። ከአጥሩ ማዶ የሚመጣው ጩኸት ግን ልመናዋን ዋጠው። «ዩማ! በግራ! በግራ እግርሽ! ወላሂ እንደዚህ አይደለም፣ ዩማ! ሩጪ!» ረሺዳ ማን እንደሚጮኽ ለማየት ዞረች። ድምፁን አላወቀችውም ነበር። ልጇ መሆኗን የተረዳችው እናቷን በምትጠራበት ዩማ በሚለው ቃል ብቻ ነው። ቆማ ስታያት ኳሱ መጥቶ ሆዷን መታት።

«ያቺ ልጅ ማን ናት?» ብላ ሐኪሟ ጠየቀች።

ኡስታዝ ሰላሕዲን ጥያቄውን ተርጉሞ ሲት አዋጢፍን አየ። ሲት አዋጢፍ በፍጥነት አሰበች። የሠራተኛዬ ልጅ ናት ብትል፣ ሠራተኛሽ የትኛዋ ናት ይመጣል። ረሺዳ ሆዷን እንደያዘች ይህን ሁሉ ተመለከተች። አልጋዋንና የብረት ሳጥኗን አሰበች፤ ዛሬ ማታ ሁለቱን ተሸክማ የት እንደምታድርም አሰበች። ጀብራ፣ ሉጥፊያ ጋ ለጊዜው ቦታ አይጠፋም አለች በልቧ። ከዚያ በዓረብኛ፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ ተናገረች።

«አሰልጣኛችን ናት።»

ኡስታዝ ሰላሕዲን ቃሉን በአፉ ውስጥ ሲያገላብጠው ቆይቶ ተረጎመው። ሐኪሟ ወደ ረሺዳ ቀረበች። «ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ አንድ» አለች ረሺዳ። እዚህ ላይ መዋሸት አላስፈለጋትም።

«የዕድሜው ነገር ለተጫዋች ነው፤ ለአሰልጣኝ አይሠራም» ስትል ሉጥፊያ ጨመረች።

«ታዲያ ለምን ውጭ ትሆናለች?»

መልሱ ከማይጠበቅ ቦታ መጣ። «ራቅ ስትል ስሕተታቸው በደንብ ይታያታል» አለች ሲት አዋጢፍ፣ ላቧን በተጠቀለለችው ቶብ ጫፍ እየጠረገች። «ዘመናዊ ዘዴ ነው።» ይህን ብላ የገዛ ንግግሯን እንደ ሰማ ሰው ደነገጠች።

ሐኪሟ አሰልጣኟን ከቅርብ ማየት እፈልጋለሁ አለች። ዘበኛው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በሩን ከፈተ። ሰማሕ ገባች፤ በእግር ጣቷ እየተራመደች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ሜዳው መካከል መጥታ ቆመች። ሁሉም እሷን ያያል። ረሺዳ መጥፎ ሥራ እንደሠራች የታወቃት ያን ጊዜ ነው። ልጄን በሰው ፊት ገተርኳት፣ አሁን ታለቅሳለች፣ ሁላችንም እንዋረዳለን አለች በልቧ። ሰማሕ ቀና አለች። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች፣ ደረቷ ተነፋ፣ ከዚያም የተጠራቀመ ዓመት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ።

«ያላ! ሩጡ!»

አረንጓዴዎቹ ሁሉ ሩጫ ጀመሩ። እትዬ ዘሊካ ሳትቀር ሮጠች፣ መሮጥ ከተባለ። ሰማሕ ግን አልረካችም። ዞራ በጥላው ሥር ወንበር ይዘው የተቀመጡትን አየች። «እናንተም! ኮሚቴውም! ቁጭ ብሎ ማየት የለም!»

መጀመሪያ የተነሳችው ሐኪሟ ናት። ጫማዋን አወለቀች፣ ባርኔጣዋን ወንበሩ ላይ አኖረችና ሮጠች። እንግዳ እየሮጠ ሊቀመንበር ሊቀመጥ ስለማይችል ኡስታዝ ሰላሕዲን ጀለቢያውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ተከተለ። ሊቀመንበር እየሮጠ ጸሐፊ ልትቀመጥ ስለማትችል ሲት አዋጢፍም ቶቧን በጥርሷ ነክሳ፣ ባለ ተረከዝ ጫማዋን እንዳደረገች ገባችበት። ንጹሑ ሜዳ አቧራው ጨሰ። ሰማሕ አንዴ ከፊታቸው፣ አንዴ ከጎናቸው ትሮጣለች፤ «ጉልበት ወደ ላይ፣ ኡስታዝ!» ትላለች፤ ትስቃለች፤ ሳቋ በሹክሹክታ አልነበረም። ከፈተና የሚመለሱት ልጃገረዶች እርሳስና ማስመሪያቸውን እንደያዙ አጥሩ ላይ ተደርድረው፣ የሠፈራቸው ትልልቅ ሰዎች በአንዲት ትንሽ ልጅ ሲነዱ አዩ። በሩን የሚዘጋው ዘበኛ እሱም እየሮጠ ስለነበር ገቡ። ዕድሜያቸውን የጠየቀ የለም። አንዷ የዥዋዥዌውን ሰንሰለት መፍታት ጀመረች።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሐኪሟ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እያለከለከች ተናገረች። በየአገሩ ብዙ ማዕከል አይቻለሁ አለች፤ በየቦታው ኮሚቴው ይናገራል፣ ልጆቹ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ኮሚቴውን የሚያስሮጥ አሰልጣኝ ግን የትም አላጋጠመኝም። ድጋፋችን ይቀጥላል፤ ግን በሩ ሰኞና ሐሙስ ለልጅ ሁሉ ክፍት ይሁን፣ አሰልጣኟም ትቆይ፣ ኮሚቴውም ልምምዱን እንዳያቋርጥ። ተመልሶ የሚያይ ሰው እልካለሁ አለች። ኡስታዝ ሰላሕዲን ትንፋሹ እየተቆራረጠ የመጨረሻውን እየዘለለ ሊተረጉም ሞክሮ ነበር፤ እሷ ግን ጣቷን ወደ እሱና ወደ ሲት አዋጢፍ ቀሰረች፣ ትርጉምም አላስፈለገ። ስትሰናበት የረሺዳን እጅ ያዘችና በተሰባበረ ዓረብኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጅሽ ጎበዝ ናት» አለቻት። ረሺዳ ልጄ መሆኗን ማን ነገረሽ ብላ ልትጠይቅ ስትል መኪናው ሄደ።

ማታ በጓሮው ክፍል ውስጥ ሰማሕ ፉል ትበላ ነበር። ረሺዳ አልጋው ላይ ተጋድማ፣ ጭኗ እንደ እንጨት ደርቆ፣ የልጇ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ ከማየት በቀር ሌላ ሥራ መሥራት አቅቷታል። ነገ ውጡ እንባል ይሆናል ብላ መሥጋትም ሞክራ ነበር፤ ሥጋቱ ግን እሱም ደክሞት ነው መሰል አልመጣም። የልጅቷ አንገት ላይ የላቡ ጨው ነጭ መስመር ሠርቷል። ጠግባ ልትጨርስ ስትል በሩ ተንኳኳ። ሲት አዋጢፍ ናት። አንድ እግሯን በፎጣ ጠቅልላ በግድግዳው ተደግፋ ቆማለች። ረሺዳ ለመነሳት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«አሰልጣኟ አለች?» አለች ሲት አዋጢፍ። አሰልጣኟ ከፊቷ ፉል አፏ ላይ ይዛ ታያታለች። ሲት አዋጢፍ ግን ዓይኗን ከረሺዳ አልነቀለችም። «ወለም ብሎኛል። እስቲ ጠይቂልኝ፣ ሐሙስ ዕለት ተቀምጬ ባጨበጭብላቸው አይበቃም ወይ በያት።»

ረሺዳ ሳቋን ይዛ ወደ ልጇ ዞረች። ሰማሕ ጉርሻዋን ዋጠች። የተጠቀለለውን እግር አየች፣ ትንሽ አሰበች።

«ሞቅ ባለ ውኃ ይንከሩት» አለች። «ሐሙስ ግን ይሮጣሉ፣ ሲት። ያለ ተረከዝ። ቀስ ብለው።»

ሲት አዋጢፍ ጎንበስ ብላ ፎጣውን አጠበቀች። «ኢንሻአላህ» አለችና እያነከሰች ወደ ቤቷ አቀናች። ሰማሕ ሳህኑን በጣቷ ጠርጋ ወደ እናቷ ገፋችው።

«ዩማ፣ ጨምሪልኝ።»

ረሺዳ ሁለቱንም ጉልበቶቿን በእጇ ደግፋ፣ «ያ አላህ» እያለች፣ እየሳቀችም፣ ተነሳች።